የገበሬው ጥያቄ ሌላ፣ የህጉ ጥያቄ ሌላ

ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሏል። ደርቆ፣ ተለቅሞ፣ በጆንያ ገብቷል። ነጋዴው ይመጣና አንዱን ራስ አንስቶ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል። ጥራቱን ወዶታል። የሚጠራው ዋጋ ግን ለዘርና ለጉልበት የወጣውን እንኳን አይመልስም። «ምን ላድርግ? የውጭው በዚህ ዋጋ ወደብ ደርሷል» ይላል።

ይህች ንግግር በብዙ ሀገር ትነገራለች። ሰብሉ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። አንዱ ጋ ቲማቲም፣ ሌላው ጋ ዶሮ፣ ሌላው ጋ ማር ወይም ሩዝ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣውም ያው ነው። «ይሄ ዳምፒንግ ነው! መንግስት ለምን ዝም ይላል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ህጉም አለ፣ የፀረ-ዳምፒንግ ህግ ይባላል። ችግሩ፣ ገበሬው የሚጠይቀውና ህጉ የሚጠይቀው አይገናኙም። ገበሬው «በዚህ ዋጋ እንዴት ልኑር?» ይላል። ህጉ ደግሞ «ይህ እቃ በተመረተበት ሀገር ስንት ይሸጣል?» ብሎ ይጀምራል። በሁለቱ መሃል ሰፊ ገደል አለ። ብዙ አምራች እውነት ይዞ ገደሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መንገዱን አብረን እንየው።

ርካሽ ሁሉ ዳምፒንግ አይደለም

ፀሐይና ውሃ የተመቸው፣ ሰፊ መሬትና ማሽን ያለው ገበሬ በርካሽ ቢያመርት ዳምፒንግ አይባልም። የሰው ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ዋጋው ቢወርድም አይባልም። የላኪው ሀገር ገንዘብ ተዳክሞ እቃው ቢረክስም እንደዚያው። ይህ ሁሉ ሊጎዳችሁ ይችላል። ህጉ ግን ንግድ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ዳምፒንግ የሚባለው ሻጩ ለውጭ ገዢ የሚሸጥበት ዋጋ ለገዛ ሀገሩ ሰው ከሚሸጥበት ሲያንስ ነው። እዚያው ቤቱ በ10 የሚሸጠውን እናንተ ጋ በ8 ካራገፈው፣ ዳምፒንግ ነው።

ሰው ለምን እንደዚህ ያደርጋል? በእርሻ ላይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተንኮል አይደለም። ፋብሪካ ገበያ ሲቀዘቅዝ ማሽኑን ያጠፋል። ማሳ ግን አይጠፋም። የተዘራው ይበቅላል፣ የበቀለው ይደርሳል። ምርቱ ሲተርፍ ሁሉንም በሀገሩ ቢሸጠው የገዛ ገበያውን ዋጋ ይገድልበታል። ትርፉን ባህር ማዶ በተገኘው ዋጋ ማራገፍ ይሻለዋል። እዚያ የሚደርሰው ጉዳት የእሱ ጉዳይ አይደለም። ሀገሩ ውስጥ ያለው ገበያ በከፍተኛ ቀረጥ የታጠረ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመቸዋል። በቤቱ ውድ፣ በውጭ ርካሽ እየሸጠ ይኖራል።

ይህን ለመከላከል የመጀመሪያውን ህግ ያወጣችው ካናዳ ናት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ያሳሰባት የአሜሪካ ብረት እንጂ ምግብ አልነበረም። በ1947 ሀሳቡ ጋት በሚባለው አጠቃላይ የቀረጥና የንግድ ስምምነት አንቀጽ 6 ውስጥ ገባ። በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ዝርዝሩን የሚደነግግ የራሱ የፀረ-ዳምፒንግ ስምምነት ወጣለት። የአባል ሀገራት ህጎች ዛሬ የሚቀዱት ከዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ስምምነቱ ዳምፒንግን አይከለክልም። ዳምፒንግ የሚያደርጉት ድርጅቶች ናቸው፤ ስምምነቱ ደግሞ የሚያስረው መንግስታትን ነው። የሚለው ይህን ነው፦ ዳምፒንግ መኖሩን፣ የሀገራችሁ አምራች መጎዳቱንና ጉዳቱም ከዳምፒንጉ የመጣ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ተጨማሪ ቀረጥ መጣል ትችላላችሁ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ከጎደለ ቀረጥ የለም።

ሂሳቡ እንዴት ይሰራል?

እስቲ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ላኪ 1 ቶን ነጭ ሽንኩርት እናንተ ወደብ ድረስ አምጥቶ በ800 ዶላር ይሸጣል። በሀገሩ ያለ ጅምላ ነጋዴ ደግሞ ያንኑ ቶን በ900 ዶላር ይገዛዋል። ልዩነቱ 100 ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ግን ስህተት ነው።

ሁለቱም ዋጋ ወደ አንድ ቦታ፣ ማለትም ወደ ላኪው መጋዘን በር መመለስ አለባቸው። ከ800ው ላይ የመርከብ፣ የኢንሹራንስና እስከ ወደብ ያለው ማጓጓዣ ይቀነሳል። ይህ 160 ነው እንበል። 640 ይቀራል። ከ900ው ላይ ደግሞ የሀገር ውስጥ ማጓጓዣና የማሸጊያ ልዩነት 100 ይቀነሳል። 800 ይቀራል። እውነተኛው ልዩነት 160 ዶላር ነው። መጀመሪያ ከመሰለን ይበልጣል። በሌላ ጉዳይ ደግሞ ይኸው ማስተካከያ ልዩነቱን ሙልጭ አድርጎ ሊያጠፋው ይችላል።

160 ለ640 ሲካፈል 25 በመቶ ይሆናል። ወደብ ላይ ላለው ለ800ው ከተካፈለ ደግሞ 20 በመቶ። በየትኛው እንደሚካፈል የየሀገሩ ህግ ይወስናል። ስለዚህ ዜና ላይ የሁለት ሀገር ፐርሰንት አይታችሁ ለማወዳደር አትቸኩሉ። የተሰላበት መንገድ ላይመሳሰል ይችላል። ልዩነቱ ከላኪው ዋጋ 2 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ከቁጥር አይገባም፣ ምርመራው ይዘጋል።

ላኪው በሀገሩ ምንም የማይሸጥ ቢሆንስ? ለውጭ ብቻ የሚያመርት እርሻ ብዙ ነው። የሀገር ውስጥ ሽያጩ ወደ እናንተ ከላከው መጠን 5 በመቶ ካልሞላ ለማወዳደሪያ አይበቃም። ያኔ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ለሦስተኛ ሀገር የሸጠበት ዋጋ ይታያል፣ ወይ ወጪው ተደምሮ፣ አስተዳደርና ተገቢ ትርፍ ተጨምሮበት «መሸጥ የነበረበት» ዋጋ ይገነባል።

እርሻ ላይ ጣጣ የሚመጣው ይህ የወጪ ስሌት ውስጥ ሲገባ ነው። የዶሮን ነገር ተመልከቱ። አንድ ዶሮ ያደገው በአንድ መኖ ነው። ሲታረድ ግን ደረትና ጭን ለየብቻ ይሸጣሉ። ደረት በሚወደድበት ሀገር ላኪው ዋናውን ገንዘብ ከደረቱ ያገኛል። ጭኑ ትርፍራፊ ስለሚሆንበት በቅናሽ ወደ ውጭ ይልከዋል። የጭኑ ወጪ ስንት ነው ታዲያ? መኖው በክብደት ከተከፋፈለ ጭኑም የድርሻውን ይሸከማል። ያኔ ከወጪው በታች እየተሸጠ ነው ማለት ነው፣ ዳምፒንግ አለ። በገቢ ከተከፋፈለ ግን ጭኑ ላይ የሚያርፈው ወጪ ትንሽ ነው፣ ዳምፒንግ የለም። አንድ ዶሮ፣ ሁለት መልስ። ቻይና በ2010 በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ስትጥል ከተነሱት ክርክሮች አንዱ ይኸው የወጪ ክፍፍል ነበር። በ2013 የዓለም ንግድ ድርጅት ፓነል፣ ማለትም ክርክሩን የሚዳኘው የባለሙያዎች ቡድን፣ በዚህ ነጥብ ቻይናን ጥፋተኛ አደረጋት። በክብደት ማካፈል ክልክል ስለሆነ አይደለም። መርማሪዎቿ ለምን እንደዚያ እንዳሰሉ በቅጡ ማስረዳት ስላልቻሉ ነው።

ሌላም አለ። ከወጪ በታች የሆነ የሀገር ውስጥ ሽያጭ ብዛት ካለውና ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ከማወዳደሪያው ሊወጣ ይችላል። ለብረት ይህ ምክንያታዊ ነው። ለቲማቲም ግን ይከብዳል። ቲማቲም የሚያመርት ሁሉ ገበያው በጠገበ ሰሞን ከወጪው በታች ይሸጣል። ካልሸጠ ይበሰብስበታላ! ያ ሽያጭ ከማወዳደሪያው ከወጣ የሚቀረው በወጪ የተገነባው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ገበሬ ለሀገሩም ለውጭም በአንድ ዋጋ ሸጦ በህጉ ፊት ዳምፒንግ አድርጓል ሊባል ይችላል። ይህ የህጉ ደካማ ጎን ነው ብዬ አምናለሁ። ለፋብሪካ የተሰፋ ልብስ ገበሬው ላይ ሲጠልቅ እንዲህ ይሆናል።

ጉዳቱን ማን ያሳያል?

ዳምፒንግ መኖሩ ብቻ አይበቃም ብለናል። ጉዳት መታየት አለበት። ስምምነቱ መርማሪው ሊያያቸው የሚገቡ 15 መለኪያዎችን ይዘረዝራል። ሽያጭ፣ ትርፍ፣ የምርት መጠን፣ የገበያ ድርሻ፣ የሥራ ቅጥር፣ ደሞዝ፣ ያልተሸጠ ክምችትና የመሳሰሉት ናቸው። አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

ከዚያ ከባዱ ይመጣል። ሌላ ምክንያት ያመጣው ጉዳት በዳምፒንግ ላይ እንዳይለጠፍ ህጉ ያዛል። ዝናብ ቀርቶ ነበር? ተባይ ገብቶ ነበር? ማዳበሪያ ተወዶ ነበር? የሀገር ውስጥ ምርት ራሱ በዝቶ ነበር? ገበሬ ላይ አንድ ችግር ብቻውን አይመጣም፣ ጓዙን ይዞ ነው የሚመጣው። መርማሪው ደግሞ ጓዙን ፈትቶ ማየት አለበት። የላኪዎቹ ጠበቆች መጀመሪያ የሚያነሱትም ይህንኑ ነው። «ያከሰራቸው ድርቁ ነው እንጂ የእኛ እቃ አይደለም» ይላሉ። አንዳንዴም እውነታቸውን ነው።

አንድ መልካም ነገር ልንገራችሁ። ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። «የጉዳት ስጋት» የሚባል አለ። ላኪው ሀገር መጋዘኑ ሞልቶ፣ ጭነቱ በፍጥነት እየጨመረ፣ ዋጋውም እየወረደ ከሆነ፣ ስጋቱ ግልጽና ቅርብ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይቻላል። ግምትና ወሬ ግን ተቀባይነት የለውም።

ማስረጃው ከየት ይመጣል? ከአምራቹ ነው። እዚህ ላይ ነው ትንሹ ገበሬ ወገቡ የሚቆረጠው። በአባል ሀገራት የተለመደው አሰራር ለዳምፒንጉ የ1 ዓመት፣ ለጉዳቱ ደግሞ ቢያንስ የ3 ዓመት መረጃ መመልከት ነው። ለአምራቾች የሚላከው መጠይቅ የሚጠይቀውን አስቡት። ስንት ሄክታር ዘራህ? ስንት ኩንታል አገኘህ? ለዘር፣ ለውሃ፣ ለመድኃኒት ስንት አወጣህ? ስንት ሰው፣ በስንት ቀጠርክ? ለማን፣ መቼ፣ በስንት ሸጥክ? ስንቱ ተበላሸ? ይህንን ለ3 ዓመት፣ ዓመት በዓመት። ትልቅ እርሻ ሂሳብ ሠራተኛ አለው። 1 ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ሰው ይህን ሁሉ በቃሉ ነው የሚያውቀው። በደንብ ያውቀዋል። ግን ቃሉ ማስረጃ አይሆንለትም።

ማመልከቻውን ለማስገባትም መስፈርት አለ። ደጋፊዎቹ አምራቾች ቢያንስ ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት 25 በመቶውን መያዝ አለባቸው። ድጋፍ ወይም ተቃውሞ ከገለጹት አምራቾች መካከልም ከግማሽ በላይ የሆነው ምርት የደጋፊዎቹ መሆን አለበት። 4 ፋብሪካ ባለበት ዘርፍ ይህ በአንድ ስብሰባ ያልቃል። አምራቹ በሺዎች በሚቆጠርበት ዘርፍ ግን 25 በመቶውን በየመንደሩ ማሰባሰብ ነው። ደግነቱ፣ አምራቹ እጅግ ብዙና የተበታተነ ከሆነ መንግስት ድጋፉን በናሙና መለካት እንደሚችል ስምምነቱ በግርጌ ማስታወሻ ፈቅዷል። ትንሽ መስመር ናት። ለገበሬ ግን ትልቅ በር ናት።

ማህበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የአባላቱን ሽያጭ በየሳምንቱ የሚመዘግብ የህብረት ሥራ ማህበር ሳያስበው ግማሹን የህግ ሥራ ሰርቶታል። ሚዛን ላይ የቆመው ልጅ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ ዋጋውንና የገዢውን ስም ከጻፈ፣ ያልተሸጠውንም ጥሎ ካላለፈው፣ ያ ደብተር ነገ ጠበቃው የሚይዘው ሰነድ ነው።

ገበሬው «ኢንዱስትሪ» ነው ወይ?

ጥያቄው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግን ብዙ ጉዳይ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

ህጉ የሚከላከለው «ተመሳሳይ ምርት» የሚያመርተውን ነው። የሚገባው ትኩስ ቲማቲም ከሆነ የቲማቲም ገበሬ አቤት ማለት ይችላል። የሚገባው የቲማቲም ድልህ ከሆነስ? ድልህ የሚሰራው ፋብሪካ ነው። ገበሬው የሚያመርተው ድልህ አይደለም። ፋብሪካው በርካሽ ድልህ ተመትቶ ከገበሬው መግዛት ቢያቆም እንኳን፣ በህጉ ዓይን ተጎጂው ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ደግሞ ራሱ ርካሹን ድልህ አስመጥቶ በራሱ ቆርቆሮ ቢያሽግ ይጠቀማል እንጂ አይከስም። አቤት የሚል የለም። ገበሬው ብቻውን ይቀራል።

ይህ የተሞከረ ነገር ነው። አሜሪካ በ1984 የወይን ፍሬ ገበሬዎችን ከወይን ጠጅ ጠማቂዎች ጋር አንድ ኢንዱስትሪ አድርጎ የሚቆጥር ህግ አወጣች። የአውሮፓ ማህበረሰብ ከሰሰ። በ1986 የጋት ፓነል ፍሬና ጠጅ የተለያዩ ምርቶች ናቸው፣ ፍሬ አምራች የጠጅ ኢንዱስትሪ አይደለም አለ። በ2001 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ሰሚ አካል በበግ ሥጋ ጉዳይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ። አሜሪካ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ በሚገባ የበግ ሥጋ ላይ ገደብ ስትጥል በግ አርቢዎችን ከሥጋ አምራቾች ጋር ቆጥራቸው ነበር። በግ የሚያረባ ሥጋ አምራች አይደለም ተባለች። የእረኛው ልፋት ሥጋው ውስጥ እንዳለ ማንም ያውቃል። ህጉ ግን መስመሩን ያሰመረው ሌላ ቦታ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ስለ ጊዜ እናውራ። ምርመራ ከተከፈተ በኋላ ጊዜያዊ ቀረጥ ለመጣል ቢያንስ 60 ቀን ማለፍ አለበት። ምርመራው በመደበኛነት በ1 ዓመት፣ ቢበዛ በ18 ወር ያልቃል። ከዚያ በፊት ማመልከቻውን ለማዘጋጀት የሚሄደው ጊዜ አይቆጠርም። ቲማቲም ከችግኝ እስከ ለቀማ 3 ወር ገደማ ነው። ውሳኔው ሲመጣ የከሰረው ገበሬ ወይ ሌላ ሰብል ዘርቷል፣ ወይ መሬቱን አከራይቷል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነ መፍትሄ ነው። ጊዜያዊው ቀረጥ ከመጀመሩ በፊት ለገባ እቃ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስከፈል ቢፈቀድም ቢበዛ 90 ቀን ነው፣ ያውም በልዩ ሁኔታ ብቻ።

ይህን ችግር ለማለፍ አንዳንዴ በስምምነት ይጨረሳል። ላኪዎቹ ከተወሰነ ዋጋ በታች ላለመሸጥ ይፈርማሉ፣ ምርመራውም ይቆማል። የታወቀው ምሳሌ የሜክሲኮ ቲማቲም ነው። በተለይ የፍሎሪዳ አምራቾች አቤቱታ ተነስቶ በ1996 የሜክሲኮ ላኪዎች የመነሻ ዋጋ ለማክበር ከአሜሪካ መንግስት ጋር ተፈራረሙ። ስምምነቱ በየጊዜው እየታደሰ ወደ 3 አስርት ዓመታት ተጓዘ። ሐምሌ 2025 ላይ አሜሪካ ወጣችበትና 17.09 በመቶ ቀረጥ ተጣለ።

ቀረጡ ከተጣለም በኋላ ቀዳዳ አይጠፋም። አሜሪካ በ2001 መጨረሻ በቻይና ማር ላይ ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ጣለች። ከዚያ በኋላ የቻይና ማር በሌሎች የእስያ ሀገሮች በኩል ስሙን ቀይሮ መግባት ጀመረ። በርሜሉ ላይ ያለው ወረቀት የሌላ ሀገር ምርት ነው ይላል። ውስጡ ያለው ማር ግን ያው ነው። ማር የየት ሀገር እንደሆነ በውስጡ ባለው የአበባ ብናኝ ይለያል። አጭበርባሪዎቹ ይህንንም አጥልለው ያወጡት ነበር። ጉዳዩ በወንጀል ክስ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። እንግዲህ ጉሙሩኩ ንቁ ካልሆነ ወረቀት ላይ ያለ ቀረጥ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የተሰበሰበው ገንዘብስ? ብዙ ገበሬ ለእሱ የሚደርስ ይመስለዋል። አይደርስም። ወደ መንግስት ካዝና ነው የሚገባው። አሜሪካ በ2000 ባወጣችው ህግ ቀረጡን ለከሳሾቹ አምራቾች ማከፋፈል ጀምራ ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት በ2003 ከስምምነቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። ህጉ በ2006 ተሻረ። ገበሬው የሚያገኘው የተስተካከለ ዋጋ እንጂ ካሳ አይደለም።

ሌሎች መንገዶች

የርካሹ እቃ ምክንያት ዳምፒንግ ሳይሆን የላኪው መንግስት ድጎማ ከሆነ ህጉም ሌላ ነው። ማካካሻ ቀረጥ ይባላል። ድጎማው ይሰላል፣ በዚያው ልክ ቀረጥ ይጣላል።

ማንም ጥፋት ሳይሰራ እቃው በድንገት ቢጎርፍስ? ለዚህ የጥበቃ እርምጃ የሚባል አለ። ዳምፒንግ ማረጋገጥ አያስፈልግም። ግን ጉዳቱ «ከባድ» መሆን አለበት፣ በፀረ-ዳምፒንግ ከሚጠየቀው ይበልጣል። ቀረጡም በአንድ ሀገር ላይ ብቻ ሳይሆን በመርህ ደረጃ በሁሉም ላይ ይወድቃል። አስቸኳይ ሲሆን ጊዜያዊ እርምጃው እስከ 200 ቀን ሊቆይ ይችላል። በቶሎ ለሚበላሽ ሰብል ይህ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

ከሁሉም የቀለለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ለእያንዳንዱ እቃ የማያልፉት የቀረጥ ጣሪያ አላቸው። ብዙ ታዳጊ ሀገሮች በተግባር የሚያስከፍሉት ከጣሪያው በታች ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ ለመጨመር ምርመራ አያስፈልግም፣ በሌላ የንግድ ስምምነት እጃቸውን ካላሰሩ በስተቀር። እጅ ማሰር ምን እንደሚያመጣ ሄይቲ ታሳያለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሩዝ ላይ የነበረው ቀረጥ ከ35 ወደ 3 በመቶ ወረደ። የአሜሪካ ሩዝ ገበያውን ሞላው፣ ሩዝ አምራቾቹ ተጎዱ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ2010 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ያ ፖሊሲ ስህተት እንደነበር በይፋ ተናግረዋል።

ያም ሆኖ ቀረጥ ሁልጊዜ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። የሚከፍለው ሰው አለ። ደቡብ አፍሪካ ከብራዚልና ከ4 የአውሮፓ ሀገሮች በሚገባ ዶሮ ላይ ልትጥለው የነበረውን ቀረጥ በ2022 ለ12 ወር አቆየችው። የምግብ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ቀረጡ የተጀመረው በነሐሴ 2023 ነው። በቆየበት ጊዜ ዶሮ አርቢው አዘነ፣ ዶሮ የሚገዛው ደሃ ትንሽ ተነፈሰ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ህጉ ለፖለቲካ ዱላ ሲሆንም አይተናል። ቻይና በ2020 በአውስትራሊያ ገብስ ላይ ፀረ-ዳምፒንጉና ማካካሻው ተደምሮ 80.5 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ጊዜው የሁለቱ መንግስታት ግንኙነት የሻከረበት ነበር። ግንኙነቱ ሲለዝብ በ2023 ተነሳ። በመሃሉ ገበያ ያጣውም ገበሬ ነው። ይህን የምለው ባህር ማዶ ያለውም ሰው መሬት እንደሚያርስ እንዳንረሳ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የ5 ዓመቱ ነው። ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ከ5 ዓመት በኋላ በራሱ ጊዜ ይነሳል። እንዲቀጥል የሚፈልግ የሀገር ውስጥ አምራች ጊዜው ሳያልፍ ማመልከት አለበት። ቀረጡ ቢነሳ ዳምፒንጉና ጉዳቱ ሊቀጥል ወይም ሊመለስ እንደሚችል መታየት ይኖርበታል። ያም እንደገና ማስረጃ ነው፣ እንደገና ደብተር ነው። አሜሪካ በቻይና ነጭ ሽንኩርት ላይ በ1994 የጣለችው ቀረጥ እስከ 376.67 በመቶ ይደርሳል። ዛሬም፣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ አልተነሳም። ጊዜው በደረሰ ቁጥር ማስረጃቸውን ይዘው ወደ ቢሮው የሚመለሱት እዚያው ነጭ ሽንኩርት የሚያመርቱት ሰዎች ናቸው።